ከጉምሩክ ተኮናታሪው ቤት እስከ ራት ገበታ፦ የዛንዚባሩ ሁሩምዚ ቤት ለነጋዴ ምን ያስተምራል?

ዛንዚባር ደርሶ ስዋሂሊዎች «ምጂ ምኮንግዌ» የሚሏትን አሮጌዋን የድንጋይ ከተማ በእግሩ የዞረ ሰው የሁሩምዚን ጠባብ መንገድ ያውቀዋል። በዚያ መንገድ ላይ ከከተማዋ ረጃጅም ቤቶች አንዱ ቆሟል። ዛሬ ሆቴል ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ ጫማ አውልቆ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ትራስ ተደግፎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩን እያዩ ራት የሚበላበት ምግብ ቤት አለው። ቱሪስቱ ለምግቡና ለእይታው ከፍሎ ይሄዳል። እኛ ድንበር እያቋረጥን የምንነግድ ሰዎች ግን ቤቱን በሌላ ዓይን ብናየው ይጠቅመናል። በነጋዴ ገንዘብ፣ በነጋዴ ስሌት የቆመ ቤት ነውና። ምግብ ቤቱም ያማረው አዲስ ነገር ስለተጨመረበት ብቻ አይደለም፤ የቤቱ አሮጌ ስሌት ሳይፈርስ ስለቀረ ነው። ታሪኩን ከሥሩ እንየው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቡጀዲና ጠገራ ብር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዛንዚባር ገበያ፣ ቋንቋው ቢለይም ዕቃውና ገንዘቡ ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ዋናው መገበያያ እኛ ጠገራ ብር የምንለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ወደ መሐል አፍሪካ በብዛት ከሚጫኑት ዕቃዎች አንዱ ያልነጣ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ ነው። ስዋሂሊዎች ከመጣበት አገር ስም «መሪካኒ» አሉት፤ በእኛ አገር አቡጀዲ ተብሎ ገበያውን የያዘው የዚያው ወገን ጨርቅ ነው። የዛንዚባር ነጋዴና የሐረር ነጋዴ ባይተዋወቁም በአንድ ዓይነት ጨርቅና በአንድ ዓይነት ብር ይነግዱ ነበር።

ገበያውን ያቆመው ነፋስ ነው። ከኅዳር አካባቢ ጀምሮ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው «ካስካዚ» የሸራ መርከቦችን ከዓረብና ከህንድ ያመጣል። ከሚያዝያ በኋላ ከደቡብ የሚነሣው «ኩሲ» መልሶ ይወስዳቸዋል። ነጋዴው በሁለቱ ነፋሶች መካከል ወራት ስለሚቆይ ማደሪያና መጋዘን፣ ዱቤ የሚሰጠው ሰውም ያስፈልገዋል። የኦማኑ ሱልጣን ሰዒድ መቀመጫውን ከመስከት ወደ ዛንዚባር ሲያዛውር፣ የቅርንፉድ እርሻውም ሲስፋፋ፣ ከተማዋ በድንጋይ ቤት ተሞላች።

ሱልጣኑ ጉምሩኩን ራሱ አይሰበስብም ነበር፤ በኮንትራት ይሰጠዋል። አንድ ነጋዴ በዓመት የተቆረጠ ገንዘብ ለሱልጣኑ ይከፍላል፣ ከዚያ ቀረጡን ለራሱ ይሰበስባል። በ1833 ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ውል ላይ ከውጭ በሚገባ ዕቃ የሚከፈለው ቀረጥ 5 በመቶ ነበር። ኮንትራቱን ለረጅም ዘመን የያዘው የህንዱ የጃይራም ሺቭጂ ቤት ነው። በ1870ዎቹ ደግሞ ወደ ታሪያ ቶፓን ተሻገረ።

ታሪያ ቶፓን ከህንድ ካች አካባቢ በልጅነቱ ወደ ዛንዚባር የመጣ የኢስማዒሊ ማኅበረሰብ ሰው ነው። ከትንሽ ሥራ ተነሥቶ ከከተማዋ ቀዳሚ ባለሀብቶች አንዱ ሆነ። ወደ ታቦራና ወደ ኡጂጂ ለሚሄዱ ሲራራ ነጋዴዎች ጨርቅ፣ ዶቃና የመዳብ ሽቦ በዱቤ ያቀርባል፤ እነሱም ከብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ የዝሆን ጥርስ ይዘው ይመለሳሉ። ታዋቂው ቲፑ ቲፕ ከተበዳሪዎቹ አንዱ ነበር። ታሪያ በ1890 ከእንግሊዝ የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ፤ በዓመቱ በ1891 ሞተ። በሁሩምዚ ያለው ረጅሙ ቤት የዚህ ሰው ቤት ነበር።

መለኪያው እንጨቱ ነው

የድንጋይ ከተማዋን ቤት ያልተረዳ ሰው በውስጡ ምግብ ቤት ሊያሰናዳ አይችልም። ግድግዳው የኮራል ድንጋይ በኖራ እየተያያዘ የተገነባ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ወለሉንና ጣሪያውን የሚሸከመው «ቦሪቲ» የሚባለው የማንግሮቭ ግንድ ነው። ብዙው ከሩፊጂ ወንዝ ዴልታ በጀልባ ይመጣ ነበር። ግንዱ ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር አካባቢ ብቻ ስለሚዘረጋ የክፍሉ ስፋት ከዚያ አያልፍም። ለዚህ ነው የዛንዚባር ክፍሎች ረጅምና ጠባብ የሆኑት። የሰው ምርጫ ሳይሆን የግንዱ ቁመት የወሰነው መለኪያ ነው።

በግንዶቹ ላይ የኮራል ስብርባሪና ኖራ ተደፍቶ ይደበደባል። ወለሉ በዚህ ምክንያት እጅግ ከባድ ነው። የህንድ ነጋዴዎች መንገድ ላይ የሠሯቸው ብዙ ቤቶች ምድር ቤታቸው ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ነበር። የዓረቦቹ ቤት ደግሞ በመሐል ግቢ ይዞ ወደ ውስጥ የሚመለከት ነው። ከደጅ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሠራው የድንጋይ መቀመጫ «ባራዛ» ይባላል፤ እኛ መደብ የምንለው ነው። እንግዳው ሁሉ ወደ ቤት አይገባም፤ ብዙው ንግግርና ድርድር ባራዛ ላይ ያልቃል። የተቀረጸው የእንጨት በር የባለቤቱ ማስታወቂያ ነበር፤ በሩን አይተህ የነጋዴውን አቅም ትገምታለህ። ጣሪያው ላይ ደግሞ ነፋስ የሚቀበሉበት ክፍት ቦታ ይሠራል፤ ምሽት ላይ ቤተሰቡ የሚወጣው ወደዚያ ነው።

እንግዲህ አሁን ራት የሚበላበት ሰገነት ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን የሙቀት መድኃኒቱ ወደ ላይ መውጣት ነበር።

በቤቱ ውስጥ የሚያልፈው የእኛም ሰው ታሪክ

የእነዚህን ቤቶች ውበት ብቻ አውርቶ ማለፍ ግን ሐቅን መሸሽ ነው። የዝሆን ጥርሱን ተሸክመው ወደ ባሕር ዳርቻ ከወረዱት ውስጥ ባሪያዎች ነበሩበት፤ ቅርንፉዱን የለቀሙትም ባሪያዎች ናቸው። ከእኛ አገር የተወሰዱም ነበሩ። የሱልጣን ሰዒድ ልጅ ሳልሜ፣ በኋላ ኤሚሊ ሩተ የተባለችው፣ በ1886 በጀርመንኛ ባሳተመችው ማስታወሻ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች መካከል ሐበሾች እንደነበሩ ትናገራለች። የወንድሟ የሱልጣን በርጋሽ እናትም ሐበሻ እንደነበረች ጽፋለች። በዚያ ንግድ «ሐበሻ» የሚለው ስም ሰፊ ነበር፤ ከደጋውም ከደቡቡም፣ ከኦሮሞውም ከጉራጌውም የተወሰደ ሰው በዚሁ ስም ይሸጥ ነበር።

በርጋሽ ነው በ1873 በእንግሊዞች ግፊት የዛንዚባርን የባሪያ ገበያ የዘጋው። በ1883 «ቤይት አል አጃኢብ»፣ የድንቆች ቤት የሚባለውን ታላቅ አዳራሽ ያሠራውም እሱ ነው። ከባርነት በመጣች ሐበሻ የተወለደ ሰው በዛንዚባር ዙፋን ተቀምጦ ገበያውን የሚዘጋ ውል ፈረመ። የባርነት ሕጋዊ መብት የተሻረው ግን ገና በ1897 ነው፤ ያኔም ካሳው የተከፈለው ለጌቶች እንጂ ለባሪያዎች አልነበረም።

የሁሩምዚ ስም ራሱ ከዚህ ጋር ይያያዛል። የከተማዋ ሰዎች ስሙን «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል፣ ማለትም ነፃነት፣ ያመጡታል፤ በዚህ ስፍራ ባሪያዎች ነፃ የሚወጡበት ጉዳይ ይፈጸም ነበር ይላሉ። ስለዚህ እዚያ ሰገነት ላይ ራት የሚያቀርብ ሰው የሚያስተናግደው ተራ አሮጌ ቤት ውስጥ አይደለም። ቤቱ የዱቤ መዝገብ፣ የቀረጥ ገንዘብና የሰው ዋጋ ያለፈበት ነው። የአሮጌ ቤት ጌጥ የሚባለው ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ ከተሸጠ ግማሽ ውሸት ይሆናል።

ቤቱ ሲደክምና ሲነሣ

በ1964 አብዮት ከተነሣ በኋላ ብዙ የዓረብና የህንድ ቤተሰቦች ከዛንዚባር ወጡ። ቤቶቻቸው ተወረሱ፤ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ቤት ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈለ። ተከራዩ ጣሪያ የማደስ አቅም የለውም፤ መንግሥትም ሁሉን አልደረሰም። ዝናብ በጣሪያ ገባ፣ ቦሪቲው በሰበሰ፣ ቤቶች በየጊዜው ፈረሱ። በ1985 የድንጋይ ከተማዋን የሚጠብቅና የሚያለማ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ቤቶች ለግል ባለሀብት መሸጥና መከራየት ጀመሩ። በ2000 ዩኔስኮ ከተማዋን በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

በባሕሩ ፊት ለፊት የቆመው «አሮጌው ዲስፐንሰሪ» ከመጀመሪያዎቹ የእድሳት ሥራዎች አንዱ ነው። ይህንንም ያስጀመረው ታሪያ ቶፓን ራሱ ነበር፤ በ1887 የንግሥት ቪክቶሪያን 50ኛ የንግሥና ዓመት ለማሰብ መሠረቱ ተጣለ፣ ከሞቱ በኋላ ተጠናቀቀ። በ1990ዎቹ የአጋ ካን የባህል ድርጅት አደሰው። በዚያው ዘመን ከአሜሪካ የመጣው ኤመርሰን ስኪንስ ከሸሪኩ ጋር የሁሩምዚን ቤት ሆቴልና ምግብ ቤት አደረገው። የዛንዚባር ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫልን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነው ስኪንስ በ2014 አረፈ፤ ሆቴሉ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሰገነቱ ላይ ያለው ጥበብ

አሁን ወደ ነጋዴው ጥያቄ እንምጣ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ምግብ ቤት ሲሰናዳ ገንዘቡ የሚገኘው ከየት ነው?

ፈጥኖ የሚመጣው ሐሳብ «ግድግዳውን አፍርሰን ሰፊ አዳራሽ እናድርገው፣ ብዙ ወንበር ይገባል» የሚል ነው። በዛንዚባር ቤት ይህ ጥፋት ነው። በየ3 ሜትሩ የቆመው ግድግዳ መከለያ አይደለም፤ ከባዱን ወለል የሚሸከመው እሱ ነው። እሱን ያነሣ ሰው ወይ የብረት ምሰሶ ያስገባል፣ ወይ ቤቱን ያጣል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በሁሩምዚ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነው። ጠባቦቹ ክፍሎች መኝታ ቤት ሆነው ቀሩ፤ ለዚያ ተስማሚ ናቸውና። እንግዳ የሚሰበሰብበት ቦታ ድሮም ለመሰብሰቢያ ወደ ተሠራው ጣሪያ ወጣ። እዚያም ከባድ ወንበርና ጠረጴዛ አልተደረደረም። ዝቅተኛ ገበታ፣ ምንጣፍና ትራስ ነው ያለው። ይህ ለዓይን ያምራል፤ ከማማርም በላይ ጥቅም አለው። ክብደቱ ቀላል ነው። እይታውን አይከልልም። ዝናብ ሲመጣ ወይም ጥገና ሲያስፈልግ ተጠቅልሎ ይነሣል፣ በቤቱ አካል ላይ ምስማር አልተመታምና። የሐረር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ እንደየደረጃው መቀመጥ የቤቱ ክብር ነው፣ ወንበርም አልተፈለገም።

የመቀመጫውን ብዛት የወሰነው ቤቱ ነው፤ ባለቤቱ አይደለም። ሰገነቱ ትንሽ ስለሆነ እንግዳው ጥቂት ነው። ጥቂት እንግዳ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ቦታ መያዝ፣ ምግቡን አስቀድሞ መወሰን፣ ምሽቱን ሙሉ ማስተናገድ ይቻላል። ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ለነጋዴ ይህ ግልጽ ሒሳብ ነው፦ ብዛት ላይ ማትረፍ ካልቻልክ ጥራት ላይ አትርፍ። ቤቱን ቆርጦ 20 ወንበር ከመጨመር፣ ያሉትን ወንበሮች ሰው ከሩቅ አገር አስቦ የሚመጣባቸው ማድረግ ይሻላል።

ጠላቱ ውኃና ሲሚንቶ ነው

የእነዚህ ቤቶች ዋና ጠላት እርጥበት ነው። የኮራል ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበትና ጨው የያዘ ነው፤ ውኃ ይመጣል፣ ውኃም ያወጣል። የኖራ ልስን ይህን እርጥበት ወደ ውጭ ያስተነፍሰዋል። በላዩ ላይ ሲሚንቶ ከተለሰነ ግን መውጫው ይዘጋል። እርጥበቱ ግድግዳው ውስጥ ይታጎራል፣ ልስኑ ይነሣል፣ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የቦሪቲ ጫፍ በማይታይበት ቦታ ይበሰብሳል። ሲሚንቶ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ዋጋውም ይቀላል፣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ምግብ ቤት ደግሞ ውኃ የሚወድ ሥራ ነው። ማጠቢያ፣ መጸዳጃ፣ የበረዶ ማሽን፣ የአየር ማቀዝቀዣ ሁሉም ያንጠባጥባል። በላይኛው ፎቅ የተሠራ አንድ መጸዳጃ ቤት ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ከፈሰሰ፣ ችግሩ የሚታየው ታችኛው ጣሪያ ሲወርድ ነው። ስለዚህ በአሮጌ ቤት ቧንቧው ይታይ፤ መታየቱ ነውር አይደለም። ወጥ ቤቱና መጸዳጃው አንዱ ካንዱ በላይ ይደርደር፣ ውኃው በአንድ መስመር ይውረድ። በሰገነት ላይ ደግሞ ነፋሱ ካለ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ አሮጌው ሠሪ ያንን ከአንተ በፊት አስቦታል።

ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም። የሱልጣን በርጋሽ የድንቆች ቤት በ1896ቱ የእንግሊዝ መድፍ ድብደባ ተጎድቶ እንኳ ቆሞ ነበር። በ2020 ታኅሣሥ 25 ቀን ግን፣ እድሳት እየተካሄደበት ሳለ፣ አንድ ትልቅ ክፍሉ ተደርምሶ ሰው ሞተ። መድፍ ያልጣለውን ለዓመታት የቆየ ድካም ጣለው።

የራሳችን ቤቶች

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ታሪያ ቶፓን ከመጣበት ከዚያው ከጉጃራት ምድር የተነሣው የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት በምኒልክ ዘመን ሐረርና አዲስ አበባ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ጣሊያን በ1937 እስኪያባርረው ድረስ ከአገሪቱ ታላላቅ አስመጪዎች አንዱ ነበር። የህንድ ግንበኞችና አናጢዎች በአዲስ አበባና በሐረር የተዉት የእንጨት ሰገነትና የተቀረጸ በር የዛንዚባር ዘመድ ነው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል፣ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር በነበረበት ዘመን ለእንግዳ በዋጋ ያበላ ቤት፣ በጥር 2015 እሳት ገብቶበት ከፊሉ ተቃጠለ። በ2024 በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ጥቂት የሆነ ዕቃ ደግሞ ዋጋው ምን እንደሚሆን ለነጋዴ አይነገርም።

ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በጅቡቲ፣ በሞምባሳና በላሙ አሮጌ ቤት ተከራይተው ምግብ ቤት ይከፍታሉ። የሁሩምዚ ቤት ለእነሱ የሚለው እንዲህ ነው።

ከመከራየትህ በፊት የትኛው ግድግዳ ተሸካሚ እንደሆነ የሚያውቅ መሐንዲስና አንድ የሰፈሩ አሮጌ ግንበኛ አሳይ። ሁለቱ የማይስማሙበት ቦታ ካለ አትንካው።

ፈቃዱን አስቀድም። ሐረር ጁገል በ2006፣ ላሙ በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በኢትዮጵያ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 በተመዘገበ ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ ጥገና ማድረግን ይከለክላል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ እገዳ ከኪራዩ በላይ ያከስራል።

የምትጨምረው ሁሉ ሊነሣ የሚችል ይሁን። መብራቱ፣ መደርደሪያው፣ ባንኮኒው በራሱ እግር ይቁም እንጂ ግድግዳ ተቦርቡሮ አይግባ። ኮንትራትህ ሲያልቅ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ ቤቱም እንደነበረ ይቀራል።

የኪራይ ውሉ ዕድሳቱን ይጻፍ። ጣሪያውን ማን ያድሳል፣ ወጪው ከኪራይ ይቀነስ እንደሆነ፣ ኮንትራቱስ ያወጣኸውን ለመመለስ ይበቃ እንደሆነ በወረቀት ይስፈር። የ2 ዓመት ውል ይዞ የ100 ዓመት ጣሪያ የሚያድስ ነጋዴ ለአከራዩ እየሠራ ነው።

በመጨረሻም ታሪኩን ሳትቀባ ተናገር። እንግዳው ወደ አሮጌ ቤት የሚመጣው አዲስ አዳራሽ ውስጥ የማያገኘውን ፈልጎ ነው። የቤቱ ባለቤት ማን ነበር፣ ምን ነገደ፣ ማን ተሸከመለት፣ ማን ተሸጠ የሚለውን አስተናጋጁ በአራትና በአምስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከቻለ፣ ምግቡ ላይ የሚጨመር ዋጋ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስማቸው በመዝገብ ላይ ያልተጻፈ ሰዎች፣ የእኛም ሰዎች፣ የሚታሰቡበት አንድ ቦታ ይሆናል።

ታሪያ ቶፓን ዱቤ የሚሰጠው ዕቃው ተሸጦ፣ ሲራራው ተመልሶ፣ ሒሳቡ እስኪዘጋ መታገሥ ለሚችል ሰው ነበር። አሮጌ ቤትም እንዲሁ ነው፤ አይቸኩልም፣ የሚቸኩልበትንም አይወድም። ሒሳቡን የሚያውቅ ነጋዴ ግን ሁለት ትርፍ ያገኝበታል፦ አንዱ በየምሽቱ የሚቆጠረው፣ ሌላው ለልጆቹ ቆሞ የሚቀረው ቤት ነው።